የመኪና እግርና የስያሜው ችግር

የሙያ ቃል ዋጋው የሚለካው ሙያተኛው ሥራውን ሳይሳሳት እንዲያከናውን በሚሰጠው እርዳታ ነው። ይህን መመዘኛ ይዘን በመኪና የፊት እግር አካላት ስያሜ ላይ ያለንን ትችት እናቀርባለን። ከነዚህ አካላት አንዱ አልቆ ሳይታወቅ ከቀረ፣ መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ጎማው ሊታጠፍ፣ መሪውም ለሾፌሩ አልታዘዝ ሊል ይችላልና፣ ጉዳዩ የቃል ጨዋታ አይደለም።

በቅድሚያ የክፍሉን አጠቃላይ ስም እንመልከት። የእንግሊዝኛውም ሆነ የኢጣልያንኛው ቃል «መንጠልጠል» ከሚል ሐሳብ የመጣ ነው፤ በጥንት ጊዜ የሠረገላ አካል በጠፍር ተንጠልጥሎ ይሄድ ነበርና። የዛሬ መኪና አካል ግን በሞላ ወይም በባሌስትራ ላይ ያርፋል እንጂ አይንጠለጠልም። ስለዚህ «ማንጠልጠያ» ብሎ መተርጐም የባዕድ ሠረገላ ታሪክ ማስገባት እንጂ ዕቃውን መግለጽ አይሆንም። «የመኪና እግር» የሚለው አነጋገር መሸከምንና መራመድን በአንድነት ስለሚያሳይ ይበልጣል።

የ«ሾክ አብዞርበር» ነገር ከዚህ ይከፋል። ቃሉን «ግጭት መጣጭ» ወይም «ንቅናቄ ዋጭ» ብሎ የሚተረጕም ሰው የእንግሊዝኛውን ስሕተት ወደ አማርኛ ያሻግራል። የመንገዱን ጕድጓድ ምት የሚቀበለው ሞላው ነው፤ በዘይት የተሞላው ቱቦ ተግባር ሞላው ከተጨመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይነጥር መግታት ነው። በመሆኑም ልጓም ፈረስን እንደሚገታ ሁሉ «ንዝረት ገቺ» ቢባል ስሙ ራሱ መመርመሪያውን ያስተምራል፦ የመኪናውን ማእዘን ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ፤ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከረጋ ገቺው ደኅና ነው፤ መላልሶ ከነጠረ ግን ሥራውን አቁሟል።

ይህን ስንል የተለመደውን የውሰት ቃል ሁሉ እንጣል ማለታችን አይደለም። ባሌስትራ በኢጣልያንኛ የቀስት ዓይነት መሣሪያ ስምም ነው፤ የኩሽኔታ ምንጭ የሆነው ቃልም «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። መካኒኩ ይህን ሳያውቅ ዕቃውን በትክክል ይጠራል፤ እኛም በሌላ ልንተካው አይገባም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ድርሻ በሥርዓት ማስፈር ነው። ለምሳሌ የብረቱ «ሞላ» ከግሡ «ሞላ» ጋር በመልክ እንጂ በዘር አይገናኝምና ራሱን የቻለ መግቢያ ቃል ሊሆን ይገባል።

አዲስ ስያሜ የሚያስፈልገው ልዩነት በጠፋበት ቦታ ነው። ኳስ መሰል ራስ በጽዋ ውስጥ የሚዞርበት መገጣጠሚያ በፊት እግር ላይ ከአንድ በላይ ተግባር አለው፤ አንዱ ጎማውን ከክንዱ ጋር ያያይዛል፣ ሌላው የመሪውን ዘንግ ጫፍ ይይዛል። የመጀመሪያውን «የእግር አንጓ»፣ ሁለተኛውን «የመሪ አንጓ» እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። የእግር አንጓም ቢሆን በሁለት ይከፈላል። ብዙ ዘመን በአዲስ አበባ በታክሲነት ያገለገለችው፣ ከፊያት 124 የተወለደችው ላዳ፣ በያንዳንዱ ጎን የላይና የታች አንጓ አላት፤ ሞላው በታችኛው ክንድ ላይ ስለሚያርፍ የታችኛው አንጓ «ተሸካሚ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የኮሮላ ትውልድ ግን ሞላው ከገቺው ጋር ተጣምሮ ስለ ቆመ የታችኛው አንጓ «ተከታይ» ብቻ ነው። ልዩነቱ የክሪኩን ቦታ ይወስናል፤ ተሸካሚውን ለመመርመር ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር ይደረጋል፣ ለተከታዩ ግን አካሉ ተነሥቶ ጎማው እንዲንጠለጠል ይደረጋል። ይህን ያልለየ ሰው ሞላው አጥብቆ የያዘውን ልል አንጓ ደኅና ነው ብሎ ያሳልፋል።

ዋናው ትችታችን ግን በግሡ ላይ ነው። የሙያ ቃላት ዝርዝር ሲዘጋጅ የዕቃ ስም ይቈጠራል፤ ዕቃው ሲታመም የሚባለው ይዘነጋል። አማርኛ ሀብታም የሆነው ግን በዚህ ነው፦ አንጓ ይላላል፣ ጎሚኒ ይሰነጠቃል፣ ሞላ ይደክማል፣ ኩሽኔታ ያጓራል፣ ቅባት ያለቀበት አንጓ ይንቋቋል፣ ያለቀ ጎሚኒ በጕድጓድ ላይ ያንኳኳል። ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ልል ከሆነ ረዳት ፍሬን ይርገጥ፤ ልልነቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው፣ ካልጠፋ የአንጓው ነው። ከግራና ከቀኝ ሲነቀነቅ ብቻ ከታየ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የመሪ አንጓ ነው።

በመተካትም ጊዜ እንዲሁ ነው። «ማስገባት» እና «ማጥበቅ» ተለይተው ካልተተረጐሙ ጉዳት ይደርሳል፤ የጎሚኒ ቡሎን መኪናው በክሪክ ሳለ ይገባል እንጂ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ አለዚያ ጎሚኒው እንደ ተጠመዘዘ ይቀራል፣ ፈጥኖም ይቀደዳል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መግቢያ ቃል ከስሙ ጋር ተግባሩን፣ የጥፋቱን ግሥና የመመርመሪያውን መንገድ ይዞ እንዲወጣ እናሳስባለን። ያቀረብናቸውን ስያሜዎች በመጨረሻ የሚያጸድቃቸው ከመኪናው ሥር የተኛው ሙያተኛ ነው፤ እርሱ ካልተቀበላቸው እኛም አንሟገትላቸውም።