የድምፅ ምሕንድስና ትምህርት ከምን ይጀምር?

የሙዚቃ ቴክኖሎጂና የድምፅ ምሕንድስና በኮሌጅ ደረጃ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊዎች አሉት። ሐሳቡም ተገቢ ነው፤ የሬዲዮ ጣቢያው፣ የሙዚቃ ስቱዲዮውና የስብሰባ አዳራሹ ሁሉ ሠልጣኝ ይፈልጋሉ። ዳሩ ግን ትምህርቱ ከምን ይነሣ የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ያህል አልተመረመረም። ይህ ሒስ የሚያነጣጥረው ሙያውን መሣሪያ የማንቀሳቀስ ጥበብ ብቻ አድርጎ በሚመለከተው አስተሳሰብ ላይ ነው።

አስተሳሰቡ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ሄደው ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ ኩባንያ ባቋቋመ ጊዜም ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። መሣሪያው ብርቅ በነበረበት ዘመን ዕውቀት ማለት መሣሪያውን ማወቅ መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። ዛሬ ግን በደባርቅም ሆነ በዳባት አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማይክሮፎን ያለው ወጣት ድምፅ ሊቀርጽ ይችላል። አሁን የጎደለው የሚሰማውን ለይቶ የሚፈርድ ጆሮ ነው።

የበገናን ነገር እንውሰድ። በገና አሥር አውታር አለው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው እንዚራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ አውታሩ ሲመታ እንዲነዝር ያደርገዋል። ይህ ንዝረት የበገና ነፍሱ ነው። ይሁን እንጂ በፒያኖና በጊታር ምሳሌ ብቻ የተማረ ባለሙያ ንዝረትን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ከቀረፃው ሊያጠፋው ይችላል። መሣሪያውን በትክክል አንቀሳቅሷል፤ በገናውን ግን አጥፍቶታል።

በቅኝትም ረገድ ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የቀረፃ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት አንዱን ስምንድምፅ በ12 እኩል ክፍል ከሚከፍለው የፒያኖ ሥርዓት ነው። ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ የጣት ቦታው በክፋይ ያልተወሰነ መሣሪያ በመሆኑ አዝማሪው አንቺሆዬን ሲጫወት ድምፆቹን የሚያስቀምጠው ጆሮው ባወቀው ቦታ ላይ ነው። ድምፅ አራሚውን ፕሮግራም ሳያመዛዝን የሚጠቀም ተማሪ ትክክለኛውን እንደ ስሕተት ያርማል። ስለዚህ ተማሪው አራሚውን መክፈት ብቻ ሳይሆን መቼ መዝጋት እንዳለበትም መማር ይገባዋል።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ለመስጠት የስሜን አካባቢ ከብዙዎቹ ከተሞች የተሻለ ሀብት አለው። በትውፊት ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በስሜን ተራሮች ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማውን በምልክት እንዳደራጁት ይነገራል። ድፋት፣ ደረት፣ ርክርክና የመሳሰሉት ምልክቶች ድምፅን በብራና ላይ የማቆየት ብልሃት ናቸው። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ደቀ መዝሙር በምልክቱ ብቻ ሊያዜም አይችልም። የመቅረጸ ድምፅ ጥቅምና ወሰን ከዚህ በተሻለ ምሳሌ ሊገለጽ አይችልም።

ለሳይንሱም ቢሆን አካባቢው ባዶ አይደለም። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ሲጓዝ በ10 ዲግሪ 337 ሜትር ያህል ይጓዛል። በደባርቅ ብርድ ጠዋት የተነፋ ዋሽንት፣ ትንፋሹ እስኪያሞቀው ድረስ፣ ድምፁ ዝቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የፊዚክስ መምህር ያለ አንዳች ወጪ ሊያሳይ ይችላል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ተመራማሪዎች የጭላዳን ድምፅ ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር የሚወጣው ድምፅ ምት ለሰው ንግግር የቀረበ መሆኑን አመልክተዋል። በሳንቃ በር የሚያልፍ መንገደኛ የሚሰማው ጩኸት በሠለጠነ ጆሮ ሲቀረጽ የዕውቀት ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ትምህርቱ ውድ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ስቱዲዮ መገንባት በእርግጥ ውድ ነው፤ ድምፅ ማስቀመጥ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። በሲዲ ደረጃ የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ድምፅ የሚይዘው ቦታ 635 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይልቁንም የሚያሳስበው የማን ድምፅ፣ የት፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደተቀረጸ ሳይጻፍ የሚከማቸው ቀረፃ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ሰጥቷል። አዝማሪው ይህን መብቱን ሳያውቅ ድምፁ ቢሸጥ፣ ጥፋቱ የቀራጩ ብቻ ሳይሆን ቀራጩን ያለ ሥነ ምግባር ያሠለጠነው ትምህርትም ነው።

እንግዲህ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡበት ይጠቅማል።

ሀ. የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ለማዳመጥ ይሰጥ። ተማሪው መሣሪያ ከመንካቱ በፊት የበገናን፣ የማሲንቆን፣ የከበሮንና የጸናጽልን ድምፅ ለይቶ በቃላት መግለጽ ይቻለው።

ለ. መሪጌታውና አዝማሪው ለቀረፃ ብቻ የሚጠሩ እንግዶች ሳይሆኑ ተገቢ ክፍያ የሚያገኙ አስተማሪዎች ይሁኑ። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዓይነቱ ትብብር የተመቸ ቦታ ላይ ይገኛል።

ሐ. እያንዳንዱ ተማሪ የቀረጸውን ድምፅ ከሙሉ መግለጫውና ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር ሲያስረክብ ብቻ ይመረቅ።

ጉዳዩ የሙዚቀኞች ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ብዙ መምህራንን ያሳሰበው የንግግሩ ፍጥነትና የአነጋገሩ እንግድነት ለተማሪው ጆሮ ስለከበደ ነበር። የፕላዝማው መሣሪያ ተገዝቶ ተተክሎ ነበር፤ የሚያዳምጠውን ተማሪ ግን አስቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም። የድምፅ ምሕንድስና ኮሌጅ የሚያስፈልገን ይህን የሚያስብ ሰው ለማፍራት ነው።