የአምባዛ ትንፋሽ

የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ዳርቻውን አጥለቅልቆ ሲመለስ፣ በካንጋተን አካባቢ ኩሬና ረግረግ ጥሎ ይሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ውሃ ይሞቃል፤ የሰጠመው ሣር ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። በስንጥብ ብቻ የሚተነፍስ ዓሣ እዚያ ይታፈናል። አምባዛ ግን ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል! ከስንጥቡ በላይ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ደም ሥር የሞላው አካል አለውና ኦክስጅኑን በእሱ ይስባል። ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ በደረት ክንፎቹ እሾህ እየተደገፈ በየብስ ይሳባል። የዚህ ጥበብ አስተማሪ እጦት ነው፦ አየር መሳብ የቻለው ተርፎ ወለደ፣ ያልቻለው ዘር ሳይተካ ቀረ፤ ይህም በእልፍ ትውልዶች ተደጋገመ። መልኩን የሚንቁ አሉ፤ እኔ ግን ከቆንጆዎቹ ዓሦች ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ጭቃ የለመደ ሩቅ ይሄዳል መሰለኝ፤ ይኸው ዝርያ ከደቡብ አፍሪካው ኦሬንጅ ወንዝ እስከ ደቡብ ቱርክ ድረስ ይገኛል።