የኤርፖርቱ እንግሊዝኛ

ከዓመታት በፊት ነው፤ አገር ሰላም እያለ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት አብርሃ ጅራ ወርጄ ነበር። ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ ሱቅ በራፍ ላይ ጥላ ፈልጌ ቁጭ እንዳልኩ የባለሱቁ ልጅ ከአንድ ሱዳናዊ ሹፌር ጋር በሳሙና ዋጋ ሲከራከር ሰማሁት። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰውዬው «ቢካም?» ይለዋል፤ ልጁ ዋጋውን ይጠራል። «ጋሊ!» እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ልጁ ይስቃል፣ ይምላል፣ አንዲት ቀልድ ጣል ያደርጋል። ሹፌሩ እየሳቀ ከፍሎ ሄደ።

«ዓረብኛውን የት ተማርከው?» አልኩት።

«ሁለት ክረምት መተማ ዮሐንስ አጎቴ ሱቅ ሠርቻለሁ፣ ጋሼ።»

እንግሊዝኛስ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲማረው ኖሯል፤ አሁን ስምንተኛ ነው። አንገቱን ደፋ አድርጎ «እሱ እንኳ ይከብዳል» አለኝ።

ሁለት ክረምትና ስምንት ዓመት! ይቺ ሂሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም። ምክንያቱም እኔም በዘመኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ዕዳው እኔንም ይመለከተኛል።

አንድ ጊዜ «ፈጠራ የታከለበት የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ» የሚል ሥልጠና ተጠርተን ሄድን። አሠልጣኙ ባለቀለም ካርዶች አደለን። አንዱ መንገደኛ፣ አንዱ ፓስፖርት ተመልካች፣ አንዱ ሻንጣ መዛኝ ሆነን ኤርፖርት ኤርፖርት ተጫወትን። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል። ወደ ክፍሌ ተመልሼ ያንኑ ልሞክር አልኩ። ሰባ ተማሪ፣ ባንድ ዴስክ አራት አራት፣ ፎቶ ኮፒ የለ፣ ካርድ የለ። አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ቼክ ኢን ምንድን ነው?» አለኝ። እንግዲህ ምን ልበለው? እኔ ራሴ አውሮፕላን የማውቀው ከሥር አንጋጥጬ ነው።

ጨዋታው መጥፎ ሆኖ አይደለም። አሥራ አምስት ልጅ ላለበትና ማባዣ ማሽን ለማይጠፋበት ክፍል የተጻፈ መመሪያ ግን እንዳለ ሲገለበጥ ያው ሌላ ሽምደዳ ይሆናል። ከዚያ በፊት በ1997 ዓ.ም. ገደማ የመጣው ፕላዝማም ይህንኑ ነው ያሳየን። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስድ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ተማሪው አፉን ሳይከፍት ራሱ መልሶ ያልፋል። አስተማሪው መብራት እንዳይጠፋ የሚጸልይ ዘበኛ ሆኖ ቀረ።

የሚቆጨኝ ደግሞ ባዕድ ቋንቋን በፈጠራ የማስተማር ነገር ለዚህ አገር እንግዳ አለመሆኑ ነው። ቅኔ ቤትን አስቡት። ግእዝ የማንም ልጅ የእናት ቋንቋ አይደለም። ተማሪው ግን ግሱን እየቀጸለ ገና ከጅምሩ ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ሁለት ቤት ብቻ፣ ግን የራሱ። ብቻውን ዱር ወርዶ ያወጣል ያወርዳል፤ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ እዚያው ይታረምለታል። ያንንው ነገ መድገም፣ የሰው ቅኔ ማቅረብ ነውር ነው። ከሁለት ቤት ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ካርድ የለ፣ ፎቶ ኮፒ የለ!

ቅኔ ቤትን ላሽሞነሙን አይደለም። ርሃቡም፣ ውሻውም፣ ዱላውም ነበረ፤ አቅቶት የተመለሰውን ማንም አልቆጠረውም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ያለች ሴት የቅኔ መምህርም ስንት መቶ ዓመት ፈልገን ነው የምናገኘው? ያም ሆኖ ሥራው አንድ ነገር ገብቶታል፦ ቋንቋ የሚያዘው የራስን ነገር ሲሉበት ነው። የአብርሃ ጅራው ልጅም ዓረብኛን የያዘው የሚሸጠው ሳሙና ስለነበረው ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ያ ልጅ ዘጠነኛ ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ የ1986ቱ ፖሊሲ ያወጣው ሥርዓት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ሁሉም የቋንቋ ጣጣ ነው አልልም፤ ግን ጥያቄው ራሱ ያልገባው ልጅ ምን ሊመልስ ነው? በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ስታስቡ ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚገኘው እያንዳንዱ ሰዓት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይገባችኋል።

ኤርፖርቱ ከከሸፈ በኋላ እኔ እንቆቅልሽ ሞከርኩ። አንዱ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ክፍሉ ይመልሳል፤ ካቃተው «አገር ስጠኝ» ነው። ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ፣ ኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ብድግ አለና ሰባውንም ረታቸው። «ጊቭ ሚ ካንትሪ!» ብሎ ጮኸ። ጎንደርን ሰጡት፣ እንቢ አለ። ደብረ ታቦርን ሰጡት፣ እንቢ። ለንደንን ሲሰጡት ተቀበለና ለንደን ሄዶ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳስተናገደው፣ እኛ ደግሞ እዚህ ምን ስንቅም እንደዋልን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያወርደው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግሱ ሁሉ ተንጋዷል። አላረምኩትም።

ርዕሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ከፈተና «ዓርብ ፈተና እንዳለ ረሳኸው እንዴ?» አለኝ። አልረሳሁትም። ፈተናው ስለ ፓሲቭ ቮይስ ነበር።