ጫፉን ሳታዩ አታመስግኑ

ከቀጫጭን ባሕር ዛፍ ተጣብቆ የተሠራ ጠረጴዛ ፊት የቆመ ገዢ ሁሉ መዳፉን ላዩ ላይ እያንሸራተተ «እንዴት ያበራል!» ይላል። የሚያበራው ቫርኒሹ ነው። አጠገቡ የቆመው ተለማማጅም ራሱን እየነቀነቀ ሲያጸድቅለት ደሜ ይፈላል።

እንጨቱ በደንብ ይድረቅ፣ ጠርዙ በመላጊያ ይስተካከል፣ ኮላው በሞርሳ ተጠፍሮ ይደር፤ ይህን የማያውቅ አናጢ ሙያውን ይተው። እኔን ግን የሚያንገበግበኝ እምብርቱ ነው።

እምብርት የምለው ግንዱ መሐል ላይ ያለችውን ለስላሳ ነጥብ ነው። ወፍራም ግንድ ሲሰነጠቅ እምብርቱ የሚያርፈው አንድ ወይም ሁለት ጣውላ ላይ ነው፤ ሌላው ንጹሕ ይወጣል። ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ከማይሞላ ግንድ ግን እምብርት የሌለበት ጣውላ የሚያወጣ፣ ለመጣል የማይሳሳ ሰው ብቻ ነው። እንጨት ሲደርቅ በእድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ቀለበቱ እምብርቱን ሙሉ ለሙሉ ከከበበ ያ ሁሉ ጉተታ መውጫ ያጣና ጣውላው ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከነውጥረቱ ስለሚያድግ ገና እንደተቆረጠ ጫፉ መተርተር ይጀምራል።

ስለዚህ ፊቱን ተዉና ጎንበስ ብላችሁ ጫፉን እዩ። ከተጣበቁት ቁራጮች በአንዱ ላይ እንኳ ሙሉ ክብ ካያችሁ አትግዙ። ግማሽ ቅስት ከሆነ ደህና ነው፤ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ሠሪው ሙያ ያውቃል። ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ካገኛችሁ በጥፍራችሁ ፈትሹት፤ ብዙ ጊዜ በኮላ በተለወሰ ሰጋቱራ የተደፈነ ስንጥቅ ነው። ጫፉ በቀለም ወይም በስቱኮ ከተሸፈነማ ለምን እንደተሸፈነ ጠይቁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ አዛውንት ዋንዛ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ያደጉ ነበሩ፤ ባሕር ዛፍን ግን አልናቁም። መሐሉን በመጋዝ አውጥተው ይጥሉና ሁለቱን ጎን ብቻ ያጣብቃሉ። ደንበኛ «ምነው ይህን ሁሉ ጣሉት?» ሲላቸው «እሱ ማገዶ ነው፤ በጠረጴዛ ዋጋ ማገዶ አልሸጥም» ይሉ ነበር። ደንበኛው ጫፉን አይቶ ሳይጨርስም ቫርኒሽ አይነኩም።

እምብርቱ ያልወጣለት ጠረጴዛ በግማሽ ዋጋም ውድ ነው። ሻጩ ጫፉን አላሳይም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።