ደወሉን ሳይጫኑ ማድመጥ

የነርሲንግ ተማሪ መጀመሪያ የሚለየው ሁለቱን የልብ ድምፆች ነው፤ አንደኛው ማይትራልና ትራይከስፒድ ቫልቮች ሲዘጉ፣ ሁለተኛው የአኦርታና የሳንባ ቧንቧ ቫልቮች ሲዘጉ ይሰማል። ይህ ቀላሉ ነው። የሚደነቀው የጠበበ ማይትራል ቫልቭ የሚያሰማውን ዝቅተኛ ጉርምርምታ መያዝ ነው፤ ሕመምተኛዋን በግራ ጎኗ አስተኝቶ የማዳመጫውን ደወል በልብ ጫፍ ላይ በስሱ ማሳረፍ ይጠይቃል። ጫን ካሉት ቆዳው ይወጠርና ድምፁ ይጠፋል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል የነርስ ዋና ሙያ ያደረገችው ምልከታ እዚህ ላይ ከንድፈ ሐሳብ ወደ እጅ ይወርዳል።

«ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉ አሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ላይ ወረቀት ጠቅልሎ የጀመረው ዘዴ ገና ድምፅ ያላወጣውን የቫልቭ ጉዳት አያገኝም፤ ኤኮ ግን ያገኛል። ሆኖም ማይትራል ቫልቭን የሚያጠብበው የሩማቲክ የልብ ሕመም ወጣቶችን በሚያጠቃባት ኢትዮጵያ ኤኮ በየጤና ጣቢያው የለም። ትንፋሽ የሚያጥራትን ነፍሰ ጡር ወደ ሆስፒታል ለመላክ አስቀድሞ የሚጠረጥር ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ነርስ ወይም አዋላጅ ነው። ልብ ሲኮማተር የሚሰማ ለስላሳ ሹክሹክታ በእርግዝና የተለመደ ነው። ልብ ሲላላ የሚሰማው ጉርምርምታ ግን «እርግዝናው ነው» ተብሎ አይታለፍም።