ወላጅ እናት በባርነት ቦታ፦ የለምን ሲሳይ ግለ ታሪክና ስለ ልጅነት የምንሰብከው

ሮሜ 8፥15ን ስንሰብክ ብዙዎቻችን አንድ ምሳሌ ይቀናናል። ወላጅ አልባ ሕፃን ነበር፤ ደግ ቤተ ሰብ በማደጎ ወሰደው፤ አዲስ ስምና አዲስ ቤት አገኘ። ምሳሌው ያምራል። ነገር ግን የሚናገረው ሁልጊዜ ተቀባዩ ነው፤ ልጁ ሲናገር አንሰማም። ለምን ሲሳይ በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው «ስሜ ለምን ነው» የተሰኘ ግለ ታሪክ ያልሰማነውን ድምፅ ያሰማናል። በጉባኤ ፊት ለምትቆሙ ሁሉ እንድታነቡት የምመክረው ስለዚህ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። እናቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ የሄደች ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ወለደችው። ለጊዜው የሚይዝላት ሰው ፈለገች እንጂ ልጇን አልሰጠችም። ጉዳዩን የያዘው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ግን ሕፃኑን በራሱ ስም «ኖርማን» ብሎ ለአንድ አጥባቂ ባፕቲስት ቤተ ሰብ አስረከበው፤ እንደ ማደጎ ልጅ እንዲቆጥሩትም ነገራቸው። እናቲቱ ልጇ እንዲመለስላት የጻፈችው ደብዳቤ በመዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ልጁ 12 ዓመት ሲሆነው አሳዳጊዎቹ ከቤታቸው አስወጡት። ከዚያ በኋላ ከአንዱ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር አደገ፤ የገዛ ስሙን ያወቀውም ከማሳደጊያ ሊወጣ ሲል ነው።

የመጽሐፉ ብርታት በአሠራሩ ነው። ጸሐፊው ከብዙ ዓመታት ጥያቄ በኋላ ያገኛቸውን የመንግሥት ሰነዶች እንዳሉ ያቀርባል፤ የራሱን ትዝታም አጠገባቸው ያኖራል። ፍርዱ ለአንባቢ ይተዋል። እኛን ይበልጥ ሊያስደነግጠን የሚገባው የአሳዳጊዎቹ ነገረ መለኮት ነው። ሳያስፈቅድ ብስኩት የወሰደና አምሽቶ የገባ ልጅ በዓይናቸው ሰይጣን የሚሠራበት ልጅ ሆነ። በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። የሚጸልዩ ሰዎች ነበሩ። የጎደላቸው፣ ልጁ ከእነርሱ በፊት የሆነ ታሪክና እናት እንዳለው ማመን ነበር።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አልልም። የእናቲቱ ድምፅ ከደብዳቤዋ ብዙም አያልፍም። ትረካውም ልጁ ከማሳደጊያ ሲወጣ ስለሚቆም፣ ስለ ይቅርታ የሚጠይቅ አንባቢ መልስ ሳያገኝ ይዘጋዋል። ሆኖም ይህን ጥያቄ አስቀድመን የምናነሣው ብዙ ጊዜ እኛ ነን፤ የተበደለውን ሳንሰማ ይቅር እንዲል እንቸኩላለን።

የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። በጥር 2010 ዓ.ም. በሕግ እስኪከለከል ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በማደጎ ሄደዋል፤ ዛሬ አድገው ራሳቸው ይጽፋሉ። ከእነርሱ የቀደሙት ኮርያውያን ናቸው። በ1955 እ.ኤ.አ. ሆልት የተባሉ አሜሪካውያን ወንጌላውያን ባልና ሚስት ስምንት የኮርያ ልጆችን ወሰዱ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም ተከተሏቸው። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮርያ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን፣ ወላጅ ያላቸው ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው እንደተመዘገቡና ሰነዶችም እንደተጭበረበሩ አረጋገጠ። ምርመራው እንዲደረግ አቤት ያሉት ያደጉት ልጆች ራሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ጳውሎስ እንመለስ። በሮማውያን ዘንድ በማደጎ የሚወሰደው በአብዛኛው ስምና ርስት እንዲወርስ የተመረጠ ጎልማሳ ወንድ ነበር፤ በመንገድ የተጣለ ሕፃን አልነበረም። ከዚህም ይልቅ ልብ በሉ፦ በሮሜ 8፥15 የልጅነት ተቃራኒ ባርነት ነው። ስለዚህ የማደጎውን ታሪክ ለዚህ ክፍል ምሳሌ ስናደርግ፣ ሳናስበው የወለደችውን እናት በባርነት ቦታ እናቆማታለን። እግዚአብሔር የሚያላቅቀን ከፍርሃት ነው እንጂ ከእናታችን አይደለም። ሙሴም በፈርዖን ልጅ ቤት ቢያድግ ያጠባችው ወላጅ እናቱ ነበረች፤ ባደገ ጊዜ ወደ ወንድሞቹ ወጣ። ዕብራውያን 11፥24 ይህን እምነት ይለዋል፤ ውለታ ቢስ አይለውም።

ይህ ለሳንጃና ለመተማ አገልጋይ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ልጇን ለአያት አደራ ብላ ወደ ቆላ የምትወርድ እናት አለች፤ ልጁ እናቱን እንዲረሳ የሚጠይቀው የለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከወለዱት ጋር ያለው ግንኙነት እንደሚቀጥል ይደነግጋል። በብዙ ተቀባይ አገሮች ሕግ ግን ያ ዝምድና ይቋረጣል። የፈረመው ወላጅ የገባው አደራ መስጠቱ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ይል ነበር።

ወደ ውጭ የሚወስደው በር ቢዘጋም፣ ለእርዳታም ሆነ ለአገር ውስጥ ጉዲፈቻ «ወላጅ የለውም» የሚል ደብዳቤ እንድትጽፉ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። ከመፈረማችሁ በፊት የእናቱን ስም ጠይቁ፤ ያለችበትን አጣሩ፤ ስሟንም በደብዳቤው ላይ ጻፉት። ልጁ አድጎ «ለምን?» ሲል የሚያነበው ያንን ነው።