ከቦሌ በአንድ ሞተር

ባሮን 58 ሁለት ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን ናት። ሙሉ ጭነት ይዛ አንዱ ሞተር ቢጠፋባት፣ በሌላው ብቻ እስከ 7,300 ጫማ ገደማ ትወጣለች። ከዚያ በላይ አቅም የላትም። የቦሌ መንደርደሪያ ደግሞ የተዘረጋው ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ላይ ነው። ባሮን ቦሌ ላይ ጎማዋ አስፋልት ነክቶ ቆማ ሳለች፣ ከአንድ ሞተር ጣሪያዋ በላይ ናት ማለት ነው።

ይህን ያላሰበ ሰው ምስለ በረራ ላይ ተቀምጦ ባሮንን ያስነሳል፤ ሠላሳ ሜትር ከፍ ስትል ግራ ሞተሯን ያጠፋል፤ ከዚያ በእጅ በእግሩ ይታገላል። ያሰበበት አይታገልም። ሁለቱንም ስሮትል ወደ ኋላ ይስባል፣ አፍንጫዋን ዝቅ ያደርጋል፣ ከፊቱ በቀረው አስፋልት ላይ ያሳርፋታል። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ነው፤ ቦታ ይተርፋል።

ትግሉን የሚያከፋው ስስ አየር ነው። በዚህ ከፍታ የባሮን ሞተር ይደክማል፤ የደከመ ሞተር አፍንጫዋን ወደ ጎን የሚጎትተውም በትንሽ ጉልበት ነው። ስለዚህ ራደሩ፣ ማለትም አፍንጫዋን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የጅራት መሪ፣ መቆጣጠር የሚያቅተው ፍጥነት ዝቅ ይላል። ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበት ፍጥነት ግን በፍጥነት ማሳያው ላይ ባለበት ነው። ሁለቱ ይቀራረባሉ። ከፍታ ለማግኘት አፍንጫዋን ቀና እያደረገ የሚሄድ አብራሪ ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ይደርስባቸዋል፤ አውሮፕላኗም ትገለበጣለች።

ደጋግሜ የማየው የምስለ በረራ ቀረጻ ግን የኪንግ ኤር 350 ነው። ያበረረው ቃሊቲ የሚኖር የሰፈራችን ልጅ ነው። ፔዳሎቹን ያሠራው እዚያው ብየዳ ቤት፣ ከቱቦላሬ ነው። እያንዳንዱን ፔዳል ከፊትም ከኋላም የሚስቡ ሁለት ሞላዎች አሉ፤ ሁለቱም መሐል ላይ ሳይቀር የተወጠሩ ስለሆኑ ፔዳሉ የሚዋልልበት ባዶ ቦታ የለውም። እግር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲገፋ ራደሩ ያንኑ ያህል ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ከስክሪን ጥራት ይልቅ ይህ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ኪንግ ኤር ሁለት ቱርቦፕሮፕ ሞተሮች አሏት፤ እያንዳንዳቸው 1,050 የፈረስ ጉልበት። በአንዱ ብቻ ከቦሌ ትወጣለች፣ ግን በልክ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን የቦሌ አየር ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር በ27 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ማሳያው 105 ኖት ሲል፣ ነፋስ ከሌለ፣ ጎማዎቹ የሚሮጡት በ123 ኖት ነው። ለዚያው ንባብ የሚያስፈልገው ጉልበት በ37 በመቶ ይጨምራል። የመንደርደሪያው ጠርዝ ከለመድነው ቀድሞ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ቀረጻው ሲጀምር የፊት ጎማው መሐል መስመሩ ላይ ነው። ፍሬን እንደተያዘ ሁለቱ የኃይል መቆጣጠሪያዎች አብረው ይወጣሉ፤ የጉልበት ማሳያዎቹ እኩል እስኪሆኑ ይጠበቃል፤ ፍሬን ይለቀቃል። ቀኝ እጅ መቆጣጠሪያዎቹ ላይ፣ ግራ እጅ መሪው ላይ። ቪ ዋን፣ ማለትም የመወሰኛው ፍጥነት፣ ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ መቆጣጠሪያዎቹን ለቅቆ ወደ መሪው ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ማቆም ስለሌለ፣ እጁ ማቆም የሚችልበት ቦታ ላይ አይቀመጥም። ከሙሉው መነሳት አንዲት እንቅስቃሴ ምረጥ ብባል ይህችን እመርጣለሁ።

አፍንጫዋ ሊነሳ ሲል ግራ ሞተር ይጠፋል። ግራውን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮፔለሮቹ ከኋላ ሲታዩ ወደ ቀኝ ይሽከረከራሉ። አፍንጫ ቀና ባለበት ወደ ታች የሚወርደው ምላጭ ይበልጥ ስለሚገፋ፣ የቀኝ ሞተር ግፊት ከአካሏ ርቆ ያርፋል፤ ርቆ የሚገፋ ደግሞ አጥብቆ ያዞራል። የቀኙ ብቻ ሲቀር ራደሩ በጣም ይፈተናል።

መሐል መስመሩ ወደ ቀኝ መሸሽ ይጀምራል። ቀኝ እግሩ አይረግጥም፤ ይጫናል። መስመሩ መሸሹን እስኪያቆም ድረስ አንድ መጠን፣ ወደ ቦታው እንዲመለስ ትንሽ ጭማሪ፣ ከዚያ ጭማሪውን መልሶ መቀነስ። አፍንጫዋ ቀስ ብላ ወደ 10 ዲግሪ ትነሳለች። ክንፏ ወደሚሠራው ሞተር ያዘነብላል፣ አምስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ቀረጻውን ከፊት አዙሬ ሳየው የግራው ፕሮፔለር አራት ምላጮች በራሳቸው ዞረው ስለታቸውን ለነፋስ ይሰጣሉ። ከፍታ መጨመሯ ሲረጋገጥ ጎማ ይሰበሰባል። ከዚያ እስከ 400 ጫማ ምንም አይነካም። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ እጅ ሥራ ይፈልጋል።

ቦሌ ባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ያሉት ትልልቅ ምስለ በረራዎች በስድስት እግር ላይ የቆሙ ክፍሎች ናቸው። ግፊት ሲመጣ ክፍሉ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሰልጣኙ ወንበሩ ላይ የሚጣበቀው በገዛ ክብደቱ ነው፣ ግን መፍጠን ይመስለዋል። ቃሊቲ ውስጥ ያ የለም። ዓይን ብቻውን ይሠራል።

በሁለት ሞተር መብረር ለአየር መንገዱም የቆየ ነገር ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በሁለት ሞተር ሲ 47 ነበር። ዛሬም ከኪው 400 እስከ 787 እና ኤ 350 ያሉት የመንገደኞች አውሮፕላኖቹ ባለ ሁለት ሞተር ናቸው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አንድ 737 ሲነሳ ርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገቡ። አንደኛው ወዲያው ጉልበት አጣ፤ ሌላው አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲመለስ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ለዚያ ቀን በአንድ ሞተር የተለማመደ እግር አይበቃም ነበር።

ወደ ቀረጻው ልመለስ። ወደ ምዕራብ ስትነሳ ቀኝ በኩል እንጦጦ፣ ከፊት ወጨጫ አለ። ወጨጫ 3,385 ሜትር ነው፤ ከቦሌ 1,061 ሜትር ይበልጣል። ትልቅ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች አውሮፕላን በአንዱ እንዲወጣ ሕግ የሚጠይቀው ትንሹ ልክ በመቶ ሜትር 2.4 ሜትር ነው። በዚህ ልክ ወጨጫን ለማለፍ 44 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል፤ ተራራው ግን ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በደቡብ በፉሪና በየረር ተራሮች መካከል ሰፊ በር አለ፤ እሱም አቃቂ ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ስትሄድ አውሮፕላኗ 240 ሜትር ትወጣለች፣ መሬቱም ወደ 200 ሜትር ገደማ ይወርድላታል።

ልጁ ወደዚያ ይዞራል፣ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ጠፋው ሞተር። የድሮ አብራሪዎች ይህን አይወዱም። እሱ ግን ክንፏን ከ15 ዲግሪ አያሳልፍም፤ ፍጥነቱም አንድ ኖት አይጎድልም። ከዙሩ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ጥቂት ይጨምራል። አባ ሳሙኤል ሐይቅ ከፊት ሲታይ የራደሩን ትሪም ያዞራል፤ ሞላው የያዘው ጫና ከእግሩ ላይ ይነሳል። ለማረፍ ሲመለስ ግን ያንን ትሪም ወደ መሐል ይመልሰዋል። ኃይል ሲቀነስ የቀኝ ሞተር ግፊት ይጠፋል፤ የተረሳ ትሪም ያን ጊዜ አፍንጫዋን ወደ ቀኝ፣ ከአስፋልቱ ውጭ ይመራታል።